ሮዝ ወይስ አረንጓዴ? መጀመሪያ ክዳኑን እዪው

ጥያቄው ይሄ ነው፦ «ጋሼ፣ የምነዳው እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል ቪትዝ ነው፤ ባለ 1000 ሲሲ። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ላይ መንገድ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ ፈላብኝ። ራዲያተሩ ሲከፈት ውስጡ ያለው ውሃ የክረምት ጎርፍ ይመስላል። አንዱ መካኒክ ‹እኛ አገር በረዶ የለም፣ ንጹህ ውሃ ይበቃሻል፤ ቴርሞስታቱንም አውጥተን እንጣለው› አለኝ። ሌላው አረንጓዴ ኩላንት ግዢ አለኝ። የመለዋወጫ ሱቁ ደግሞ ለቶዮታ ሮዝ ነው ይላል። የቱን ልግዛ? እጥበቱንስ ራሴ ማድረግ እችላለሁ? ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ልሄድበት አስቤያለሁ።»

እህቴ፣ ሦስቱም ከነገሩሽ ውስጥ ትንሽ ትንሽ እውነት አለ። የሚገርመኝ ግን አንዳቸውም ስለ ራዲያተሩ ክዳን አላነሱልሽም። ስለ ቀለም ከማውራታችን በፊት ከክዳኑ እንጀምር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ውሃ የሚፈላው ትምህርት ቤት እንደተማርነው 100 ዲግሪ ላይ አይደለም። 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይንፈቀፈቃል። ደጋ ላይ ባቄላ ምድጃ ላይ የሚቆየው ለዚሁ ነው። አሁን ወደ መኪናሽ እንምጣ። በብዙ ቶዮታዎች ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው በር፣ መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ቬንትሌተር (ማራገቢያው) የሚነሳው ደግሞ 93 ዲግሪ አካባቢ። አየሽው? ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ተራ ውሃ ከሆነና ክዳኑ አፍኖ ካልያዘው፣ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ፈልቷል። መገናኛ ላይ የገጠመሽ ይሄው ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲሄድ ነፋሱ ያቀዘቅዘዋል። ሲቆም ግን ያለሽ ቬንትሌተሩ ብቻ ነው።

የራዲያተር ክዳን እንደ ድስት ክዳን አይደለም። ውስጡ ሞላ አለው። ሞላው ውሃውን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱ ደግሞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ያደርገዋል። አናቱ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ታያለሽ። ባለ 1.1ዱ በደንብ ከያዘ፣ እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ተራ ውሃ እንኳ እስከ 118 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈላ ይቆያል። ግማሽ በግማሽ ኩላንት ከተጨመረበት ከ120 ያልፋል። በአንድ ትንሽ ክዳን 26 ዲግሪ አገኘሽ ማለት ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ «ሞተሩ ያስቸግራል» ተብለው ከሚመጡልኝ መኪኖች ስንቱን በክዳን ብቻ እንደመለስኩ ብነግርሽ ትስቂያለሽ።

ሞተሩ ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ክዳኑን ፍቺና ገልብጪው። የጎማው ቀለበት ተሰነጣጥቋል? ደርቆ እንደ ፕላስቲክ ሆኗል? መሀሉ ላይ ያለችውን ትንሿን ክፍል በጥፍርሽ ሳብ አድርገሽ ልቀቂያት። ጥብቅ ብላ መመለስ አለባት። ሌላም ምልክት አለ። ሞተሩ ሲበርድ የላይኛው ወፍራም ጎማ ቱቦ ተጨማዶ ከተኛ፣ ያቺ ትንሿ ክፍል ተጣብቃለች። ከተጠራጠርሽ ቀይሪው፤ በዚያው ቁጥር። ይበልጥ ይይዛል ብለሽ ከፍ ያለ ቁጥር እንዳትገዢ። ያረጀው የፕላስቲክ የራዲያተር ጫፍ አይችለውም፤ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ውሃው። «እኛ አገር በረዶ የለም» ያለሽ መካኒክ ያሳሳተው ስሙ ይመስለኛል። ኩላንቱን ብዙ ሰው «አንቲፍሪዝ» ይለዋል፤ ስሙ ስለ በረዶ ብቻ ነው የሚናገረው። ለእኛ ግን በረዶውን መከላከሉ የመጨረሻው ጥቅሙ ነው። ዋናው ሥራው ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከመበላት መጠበቅ ነው። የውሃ ፓምፑን ማሸጊያም ይጠብቃል። ውሃው የሚፈላበትንም ሙቀት በጥቂት ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ተራ ውሃ ከእነዚህ አንዱንም አይሠራልሽም።

ያየሽው ጎርፍ መሳይ ነገር የዚህ ማስረጃ ነው። የቪትዝሽ ሞተር ብሎክ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ቡናማ ዝገት አያወጣም፤ ሲበላ ነጭ ዱቄት ነው የሚተወው። ቡናማው የሚመጣው ከብረት ክፍሎቹ ነው፤ ከፓምፑ፣ ከቱቦ መገጣጠሚያዎቹ፣ እንዲህ ካሉ ቦታዎች። ስለዚህ ቡናማ ካየሽ መኪናው ለዓመታት ውሃ ብቻ ሲጠጣ ኖሯል ማለት ነው። ነጩስ ጉዳት? እሱ በዓይን አይታይም። ፓምፑ ማንጠባጠብ ሲጀምር ወይም ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ሲበላ ነው የምትሰሚው።

አንድ ነገር ብቻ አጣሪልኝ። ውሃው ቡናማ ሆኖ ቀጭን ነው ወይስ ማኪያቶ ይመስላል? ወፈር ብሎ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ፣ ዘይት ገብቶበታል። የዘይቱን ክዳንም ከፍተሽ እዪ። ከሥሩ አረፋ የመሰለ ክሬም ከተጋገረበት የቴስታታው ጋስኬት (ማሸጊያው) ሄዷል ብለሽ ጠርጥሪ። በአጭር ርቀት ብቻ የሚነዳ መኪና ላይ ክዳኑ ሥር ትንሽ ነጭ ነገር ሊኖር ይችላል፤ እሱ ብቻውን አያስደነግጥሽ። ሁለቱም ላይ ካየሽ ግን ኩላንት መግዛቱን ተዪና ጋራዥ ውሰጂው። ያንን እጥበት አያድነውም።

ማኪያቶ ካልሆነ እንቀጥል። የቱን ትገዢ?

ቀለም ማለት ቀለም ነው። ፋብሪካው የፈለገውን ይጨምርበታል። ሁሉንም የሚያስገድድ የቀለም ሕግ የለም። አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሮዝም እንዲሁ። የድሮው የአሜሪካ አረንጓዴ ሲሊኬት አለበት። የኮሪያ መኪኖች ለዓመታት ይዘውት የመጡት አረንጓዴ ደግሞ ፎስፌት ያለበት ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው በዓይን አትለዪያቸውም።

መለየት ያለብሽ ውስጡ ያለውን፣ ብረቱን ከመበላት የሚጠብቀውን መድኃኒት ነው። የጃፓን አምራቾች ሲሊኬት አይወዱም፤ የውሃ ፓምፑን ማሸጊያ ይፍቀዋል ብለው። በእሱ ፋንታ ኦርጋኒክ አሲድ ከፎስፌት ጋር ይጠቀማሉ። አውሮፓውያኑ ደግሞ ፎስፌት ይሸሻሉ። የእነሱ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስለሚበዛበት ፎስፌቱ ከካልሲየም ጋር ተያይዞ ዝቃጭ ይሆናል። ሁለቱም በየአገራቸው ልክ ናቸው። ስለዚህ የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ «ለቶዮታ ሮዝ» ያለሽ መድረሻው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ነው ያልተሟላው። አንቺ ዕቃው ላይ የምትፈልጊው ለእስያ መኪኖች የተሠራ፣ ሲሊኬት የሌለው፣ ኦርጋኒክ አሲድና ፎስፌት ያለው መሆኑን ነው። የጃፓኑ ደረጃ ጄአይኤስ ኬ 2234 ወይም የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ዲ 3306 ተጽፎበት ካየሽ ጥሩ ነው። እሱም ቢሆን መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የቶዮታ የራሱ ሁለት ዓይነት ነው። ቀዩ የድሮው ነው፤ በየ40,000 ኪሎ ሜትር ወይም በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ሮዙ የኋለኛው ነው፤ ግማሽ በግማሽ ተበጥብጦ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ቅያሬ በኋላ በየ80,000 ኪሎ ሜትር ነው። የአንቺ ሞዴል ከሮዙ ዘመን ነው። ሮዙን ካጣሽ ቀዩ አይጎዳሽም፤ ዕድሜው ብቻ ያጥራል። ከድሮው አረንጓዴ ጋር ግን አትቀላቅዪ። የማይስማሙ ሁለት ዓይነቶች ሲገናኙ አንዳንዴ እንደ አጃ አጥሚት ይረጋሉ። ባይረጉም አንዱ የሌላውን መድኃኒት ያዳክመዋል።

አሁን ስለ ማስመሰያው። ሶማሌ ተራም ሆነ መንገድ ዳር ባለ አራት ሊትር ጀሪካን አሸብርቆ ይሸጣል። አንዳንዱ ኩላንት ነው፤ አንዳንዱ ቀለም የገባበት ውሃ ነው። እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አንድ ጣት ያህል በአሮጌ የጃም ጠርሙስ እቀዳለሁ፤ በደንብ ከድኜ በፌስታል ጠቅልዬ ላዩ ላይ «መርዝ» ብዬ እጽፍበታለሁ፤ ፍሪዘር ውስጥ ከምግብ ርቆ ያድራል። የቤት ፍሪዘር ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ አካባቢ ነው። በትክክል ግማሽ በግማሽ የተበጠበጠ ኩላንት ከዜሮ በታች እስከ 37 ድረስ ይቋቋማል። ጠዋት ፈሳሽ ሆኖ ካገኘሁት ጥሩ። እንደ ድንጋይ ደርቆ ካገኘሁት ወደ ሻጩ እሄዳለሁ። በረዶ የለም ብለን በረዶውን ለምርመራ መጠቀማችን ነው! ባለቤቴ ይህን ነገር አትወደውም። ልክ ናት፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ አታድርጊው። ሬፍራክቶሜትር (የኩላንቱን መጠን የሚለካ መሣሪያ) ያለው ጋራዥ ካወቅሽ በአንድ ጠብታ ይለካልሻል።

መበጥበጫውም ውሃ የቧንቧ ባይሆን ይመረጣል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ የሚመጣው ይሻላል፤ የጉድጓድ ውሃ ግን ማዕድን ይበዛበታል። ሻይ ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። ያው ነገር በጠባቦቹ የራዲያተር መስመሮች ውስጥ ሲጋገር አስቢው። በየማደያው «የባትሪ ውሃ» ተብሎ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዢ። ስትገዢ ግን ጽሑፉን አንብቢ፤ እሱው መደርደሪያ ላይ የባትሪ አሲድም አለ። አሲድ ራዲያተር ውስጥ የጨመረ ሰው ገጥሞኛል። ከዚያ በኋላ የነበረውን ወሬ ብተወው ይሻላል።

ቴርሞስታቱን «አውጥተን እንጣለው» ለሚለው መልሴ አጭር ነው፤ እምቢ በዪ። የዚህ ልማድ ምንጩ ይገባኛል። ቴርሞስታት ተዘግቶ ሲቀር መኪና ይፈላል፤ ሲያወጡት ለጊዜው ይድናል። ከዚያ ግን ሞተሩ በወጉ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እንደቀዘቀዘ ቆጥሮ ቤንዚን ያበዛል። ዘይቱም ከውስጡ እርጥበቱን አያደርቅም። ሌላም አለ፤ በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት በጎን ያለችውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካወጣሽው አቋራጯ ክፍት ትቀራለች፤ ከሙቁ ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል። እንዳይፈላ ብለሽ ያወጣሽው፣ ቁልቢ መንገድ ላይ ያፈላብሻል። ከጠረጠርሽው አስፈትተሽ በድስት ውሃ ውስጥ በክር አንጠልጥዪውና ውሃውን አሙቂው። ውሃው ሳይንፈቀፈቅ ካልተከፈተ አዲስ ግዢ። ያረጀ ከሆነ ሳትፈትሺም ቀይሪው፤ ውሃው መፍሰሱ አይቀር።

እጥበቱን ራስሽ ማድረግ ትችያለሽ። ግማሽ ቀን ያስፈልግሻል፤ አብዛኛው መጠበቅ ነው።

መኪናው አድሮ የቀዘቀዘ ይሁን። ሙቅ ራዲያተር አይከፈትም፤ ይህን ለማንም ደግሜ መናገር አይሰለቸኝም። ግፊቱ ሲለቀቅ ውሃው በአንድ ጊዜ ፈልቶ ፊት ላይ ይወጣል። ክዳኑን በጨርቅ ይዘሽ ፍቺ። ከራዲያተሩ በታች ጥግ ላይ አንዲት የፕላስቲክ ብሎን አለች። ሳፋ ከሥር አድርጊና በእጅሽ ቀስ ብለሽ አዙሪያት። አታስጨንቂያት፤ ካረጀች ትሰበራለች። የፕላስቲክ ማጠራቀሚያዋንም ፍቺና እጠቢያት። ሰው ይረሳታል፤ ጭቃው ግን እዚያ ነው የሚተኛው።

የፈሰሰውን ለኪ። ይህ ቁጥር በኋላ ያስፈልግሻል። ከዚያ ብሎኗን ዝጊ፣ ውሃ ሙዪ፣ የውስጥ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ ላይ አድርጊና አስነሺ። የታችኛው ቱቦ እስኪሞቅ ጠብቂ፤ ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል። አጥፊው። ይቀዝቅዝ። አፍስሺ። እንዲህ እያልሽ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ። በአንቺ ሁኔታ ሦስት አራት ጊዜ ይፈጅ ይሆናል። በሙቅ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትጨምሪ፤ ቴስታታ የሚጣመመው እንዲህ ነው። የመጨረሻውን ዙር በተጣራው ውሃ አድርጊው።

የልብስ ዱቄት ሳሙና፣ ላርጎ፣ ኮምጣጤ፣ ኮካ የሚሉሽ ይኖራሉ። ሳሙናው አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ሙቀት አይሸከምም። አሲድነት ያላቸው ነገሮች አሉሚኒየሙን ይነካሉ። ውሃው ካልጠራ ለዚሁ የተሠራ የራዲያተር ማጠቢያ ግዢ፤ ዕቃው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አታሳልፊ። ቀዳዳ ድፍን የሚባለውን ዱቄት ግን ከሩቁ። የሚያፈሰውንም የማያፈሰውንም ነው የሚደፍነው።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ራዲያተሩን ስታፈሺ ሁሉም አይወጣም። ሞተሩና ማሞቂያው ውስጥ ይቀራል። ትክክለኛውን የመኪናሽን ልክ ከመመሪያ ደብተሩ እዪ፤ እኔ ለሂሳብ እንዲመች 5 ሊትር ልበል። 3 ሊትር ከፈሰሰ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ ቀርቷል። ተበጥብጦ የመጣውን ሮዝ 3 ሊትር ብትጨምሪ፣ ከዚያ ውስጥ ንጹሁ ኩላንት አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ከ5 ሊትር 30 በመቶ። አነሰ! በዚህ መጠን ብረቱን የሚጠብቀው መድኃኒት ይሳሳል። ያልተበጠበጠ ኩላንት ካገኘሽ መንገዱ ቀላል ነው፤ 2 ሊትር ተኩል ኩላንት መጀመሪያ፣ ከዚያ ግማሽ ሊትር የተጣራ ውሃ። ልክ ግማሽ በግማሽ ሆነ። የተበጠበጠው ብቻ ካለሽ ደግሞ ሙዪ፣ አንድ ሁለት ቀን ንጂ፣ እንደገና 3 ሊትር አፍስሺና በአዲስ ተኪው። ወደ 42 በመቶ ትደርሻለሽ። ለእኛ አየር ይበቃል። ንጹሁን ሳይበጠበጥ መሙላት ግን ይሻላል ብለሽ እንዳታስቢ፤ ብቻውን ከውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው።

ስትሞዪ ቀስ በዪ። አየር ውስጥ ከቀረ መኪናው ያለምክንያት ሲሞቅብሽ ታያለሽ። የመኪናው አፍንጫ ወደ ዳገቱ ይሁን፤ አዲስ አበባ ዳገት አይታጣም። ቱቦዎቹን በእጅሽ ጨመቅ ጨመቅ አድርጊ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ሳትዘጊ አስነሺና አረፋው እስኪያልቅ እያየሽ ሙዪ። አረፋው ሲያልቅ፣ ከመሞቁ በፊት ዝጊው። ቬንትሌተሩ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሲጠፋ፣ ማሞቂያውም ትኩስ አየር ሲነፍስ ጨርሰሻል። ማጠራቀሚያዋን በሁለቱ መስመሮች መሀል ሙዪ። በማግስቱ ጠዋት ደግመሽ እዪ፤ ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። በየቀኑ ከወረደ የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነውና ተከታተዪው።

ያፈሰስሽውን ቦይ ውስጥ አትድፊ። ኩላንት መርዝ ነው፤ ይባስ ብሎ ጣፋጭ ነው። የግቢ ውሻ ይልሰዋል፤ ልጅም ሊቀምሰው ይችላል። የተረፈውን በሃይላንድ ላስቲክ አድርጎ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ የብዙ ሰው ልማድ ነው። እባክሽ አታድርጊው፤ በተለይ ሮዙን። ለስላሳ ነው የሚመስለው። በራሱ ጀሪካን ይቆለፍበት። የተጠረጠረ ነገር ካለ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ቤት ነው፤ ወተት እየሰጡ መጠበቅ አያዋጣም።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም አትዘናጉ። እሱም ለባትሪውና ለሞተሩ ኩላንት አለው፤ ግን ከላይ የተናገርኩትን በግምት እንዳትጨምሩበት። መመሪያው ያዘዘውን ብቻ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ ደግሞ፣ እህቴ፣ ያቺ ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ትሠራልሻለች።

ቁልቢን በተመለከተ። እጥበቱን ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀድመሽ ጨርሺ፤ ችግር ካለ ከተማ ውስጥ ይታይ። ፈተናው ከአዋሽ ወዲያ ነው። ቆላው ሞቆ ሳለ ወደ አሰበ ተፈሪ ዳገቱ ይጀምራል፤ መኪናውም ሰው ሞልቶ ይሆናል። ሞተሩ ከተለመደው በላይ መሞቅ መጀመሩን ካየሽ ኤሲውን አጥፊና ማሞቂያውን ክፈቺ። መስኮት ይከፈታል፤ ሰው ያጉረመርማል፤ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ ዳር ያዢና አጥፊ። ኮፈኑን ክፈቺ፤ ክዳኑን አትንኪ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቱቦውን ይዘሽ እጅሽን እስከማያቃጥልሽ ድረስ። ኋላ ኮፈን ውስጥ 2 ሊትር የተበጠበጠ ኩላንትና አንድ ደረቅ ጨርቅ ይኑርሽ። የድሮውን ክዳንም፣ ደህና ከነበረ፣ አትጣዪው።